የአድዋ ነው ተብሎ የተሸጠ ጎራዴ

ጥያቄ፦ አንበሳና «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ጎራዴ ገዛሁ። ሻጩ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የዋለ ነው ብሎኛል። ብረቱ ዳር እስከ ዳር በቀይ ዝገት ተሸፍኗል፤ ፊደሎቹ ግን ጥርት ያሉ ናቸው። በእጀታው ጫፍ ዳዶ አለ፤ ሲነቃነቅም ውስጡ ይንኳኳል። እንዴት ላጥብቀው?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ጎራዴውን መወዝወዝ ያቁሙ። የሚንኳኳ እጀታ፣ ዳዶ፣ ወጥ የሆነ ቀይ ዝገትና ጥርት ያለ ፊደል በአንድ ላይ ሲገኙ ጥርጣሬዬ አንድ ነው፤ ብረቱ አዲስ ነው፤ ወደ እጀታው የሚገባው ጅራትም በብየዳ የተቀጠለ ቡሎን ነው። ዳዶ ብቻውን ሐሰተኛ አያሰኘውም፤ ከአውሮፓ የመጡ አንዳንድ ጎራዴዎችም ዳዶ ነበራቸው።

ስለቱን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለው በሞርሳ (ብረት ጠፍንጎ በሚይዝ መሣሪያ) ከንፈሮች መካከል እንጨት አስገብተው ያስይዙት፤ ከዚያም ዳዶውን ፈትተው እጀታውን ቀስ ብለው ያውጡ። የቀድሞው ጠጋኝ ውስጡን ኤፖክሲ በሚባል ጠንካራ ማጣበቂያ ሞልቶት ከሆነ፣ ይህም እጅግ የሚያሳዝን ልማድ ነው፣ በፀጉር ማድረቂያ ያለስልሱት እንጂ በመዶሻ አይምቱት። ትክክለኛ ጅራት ከብረቱ ጋር አንድ ወጥ ሆኖ ከሰፊው ወደ ቀጭኑ እየጠበበ ይሄዳል። የብየዳ እብጠት ካዩ ምርመራው አልቋል። የእጅ መከላከያውን ደግሞ በማይታይ ቦታ በሞረድ ነካ ያድርጉት፤ ናስ እስከ ውስጡ ቢጫ ነው፣ ቀለም የተቀባው ርካሽ ዚንክ ግን ከሥሩ ግራጫ ሆኖ ይወጣል።

አሁን ወደ ፊደሎቹ እንምጣ፤ ከሁሉ ይልቅ የምተማመነው በእነርሱ ነውና። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመንና ከዚያም በኋላ ብዙ የጎራዴ ብረት ከአውሮፓ፣ በተለይም ከጀርመኗ ዞሊንገን ይመጣ ነበር። በዚያ የነበረው ባለሙያ ብረቱን አሲድ በማይበላው ነገር ይለብጥና ሥዕሉና ጽሑፉ የሚታይበትን ቦታ ብቻ ከፍቶ በአሲድ ያስበላዋል፤ ስለዚህ የፊደሉ ወለል ጥልቀት የሌለውና ደቃቅ አሸዋ የተነሰነሰበት መስሎ ይታያል። ጽሑፉ ከዝገቱ በፊት ስለነበረ ዝገት ፊደሉንም በዙሪያው ያለውን የብረቱን ሜዳም እኩል ያጠቃል፤ ጥቁር ቡናማው የዝገት ጉድጓድ ከሜዳው ተነስቶ የፊደሉን ጠርዝ አቋርጦ ወደ ውስጥ ይገባል። በሐሰተኛው ብዙ ጊዜ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ብረቱ በጨው ወይም በአሲድ እንዲዝግ ከተደረገ በኋላ ይቀረጽበታል። በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ጉድጓዱ በፊደሉ ጠርዝ ላይ በድንገት ይቆረጣል፤ በሌዘር ከተቀረጸም ወለሉ ላይ የተቃጠሉ ትይዩ መስመሮች ይታያሉ። ከተቀረጸ በኋላ እንዲዝግ የተደረገውን ደግሞ ዘይት በነካ ጨርቅ ይለዩታል፤ አዲሱ ቀይ ዝገት በቀላሉ ይለቃል፣ የቆየው ጥቁር ዝገት ግን ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ይህን ሳያዩ ብርጭቆ ወረቀት አያስነኩት፤ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል።

ጽሑፉ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ብረቱ ለኢትዮጵያ መዘጋጀቱን እንጂ አድዋ መዋሉን አያረጋግጥም።

ጅራቱ አንድ ወጥ ከሆነ በቀጭን የእንጨት ሽብልቅና በቆዳ ያጥብቁት፤ ኤፖክሲ አይጨምሩበት። ከተበየደ ግን አያጥብቁት፤ ገንዘብዎን ይጠይቁ፣ ካልተመለሰልዎም ግድግዳ ላይ ይስቀሉት። ለጭፈራም ሆነ ለፎቶግራፍ፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ አይወዝውዙት፤ ብየዳው ሲሰበር ብረቱ ተወርውሮ ፊት ለፊት የቆመውን ሰው ነው የሚያገኘው።