ጋራዥ ያደሰው የጀልባ ሰልባትዮ (የነዳጅ ታንክ) ሞተር ካበላሸ ማን ይከፍላል?

ጥያቄው ባጭሩ፦ ቢሾፍቱ ላይ ጀልባ ያለው አንባቢያችን የፋይበርግላስ ሰልባትዮው ሲያንጠባጥብበት ፈቶ ሶማሌ ተራ አካባቢ ላለ ጋራዥ ሰጠ፣ ቀዳዳው ተደፍኖ ውስጡ በሬዚን (ሲደርቅ በሚጠነክር ሙጫ) ተቀባለት፣ ከጥቂት ወር በኋላ ግን ሽፋኑ እየተላጠ ፊልትሮውን ዘጋና ሞተሩ ተበላሸ። ጋራዡ "ቤንዚንህ ነው የበላው፣ ደግሞ ውል አልተፈራረምንም" አለው።

ወንድሜ፣ አልተፈራረምንም ማለቱ አያስጨንቅህ፣ እንዲህ አይነት ሥራ በቃልም ውል ነው፣ የቴሌብር ደረሰኙንና ቴሌግራም ላይ የተላላካችሁትን ቮይስ ብቻ እንዳታጠፋ። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2610 ሠሪው በራሱ ኃላፊነት አንድ ውጤት ሊያስገኝ ነው የተዋዋለው ይላል፣ ስለዚህ የከፈልከው ሬዚን እንዲቀባልህ ሳይሆን ቤንዚን የሚይዝ ሰልባትዮ እንዲያስረክብህ ነው።

"ቤንዚኑ ነው" የሚለው ግን ቀላል አይደለም፣ ክርክሩ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ተራ ፖሊስተር ሬዚን ኢታኖል (የአልኮል ዓይነት) ያለበት ቤንዚን ይጎዳዋል፣ እውነት ነው፣ ግን አዲስ አበባ ላይ በ2001 5 በመቶ፣ በ2003 ደግሞ 10 በመቶ ኢታኖል የተቀላቀለ ቤንዚን መሸጥ ተጀምሮ ነበር፣ ስለዚህ ሰልባትዮ እሠራለሁ ያለ ሰው ነዳጅ የሚችለውን ሬዚን መምረጥ ያለበት እሱ ራሱ ነው (ሬዚኑን አንተ ገዝተህ ሰጥተኸው ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል፣ ንገረኝ)። እስቲ ከተላጠው አንድ ቁራጭ ገልብጠህ ጀርባውን እይ፤ ለስላሳና የሚያብለጨልጭ ከሆነ የድሮው ግድግዳ በደንብ ሳይጸዳና በብርጭቆ ወረቀት ሳይፈተግ ነው የተቀባው ማለት ነው፣ ተልፈስፍሶ የሚያጣብቅ ከሆነ ደግሞ ወይ ሬዚኑ በደንብ አልደረቀም ወይ ለነዳጅ የሚሆን አልነበረም። ሁለቱም ወደ ጋራዡ ነው የሚያመለክተው፣ ፍርድ ቤት ግን ከአንተ አፍ ሳይሆን ከሌላ ባለሙያ ነው መስማት የሚፈልገው።

ስለዚህ "አምጣው በነፃ ልድገምልህ" ቢልህ ፎቶ ሳይነሳና ገለልተኛ ባለሙያ ሳያየው እንዳትሰጠው በጣም አደራ፣ አንዴ ከላዩ ከተቀባ ማስረጃህ አለቀ።

የሞተሩን ኪሳራ በተመለከተ፣ ሰልባትዮው ለጀልባ ሞተር እንደሆነ ስትሰጠው ነግረኸዋል? ከነገርከው የዚሁ ሕግ ቁጥር 1801 ይረዳሃል፣ ሲዋዋል ልዩ ሁኔታው የተነገረው ሰው በዚያ ምክንያት የበዛውንም ጉዳት ይከፍላል ይላል። ሞተሩን ግን በዚህ ሰልባትዮ ዳግም እንዳታስነሳ፣ ቁጥር 1802 ጉዳቱን እንድትቀንስ ስለሚያስገድድህ የሚጨመረው ጉዳት በአንተ ላይ ነው የሚቀረው።

ክስ ከመክፈትህ በፊት በዚሁ ሕግ ቁጥር 1772 መሠረት ማስጠንቀቂያ ስጠው፤ ምን እንደተበላሸ፣ ምን እንደምትፈልግና እስከ መቼ እንደሆነ ጻፍ። አልቀበልም ካለ ቸርችል ጎዳና ዋናው ፖስታ ቤት ሄደህ በአደራ ደብዳቤ ላክለት፣ ደረሰኙንና ኮፒውን ያዝ።