ዓይን ያበራ ሁሉ ሃይማኖቱ እውነት ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የደሴ ነዋሪ ነኝ። እናቴ ሁለቱም ዓይኖቿ በሞራ ተጋርደው ለዓመታት በሰው እጅ ትመራ ነበር። ከውጭ አገር የመጡ ክርስቲያን ሐኪሞች በነጻ ቀዶ ሕክምና ሲሰጡ አንዱን ዓይኗን ሠሩላት፤ አየች። ከቀዶ ሕክምናው በፊት እጇን ይዘው ጸለዩላት፤ በማግሥቱም ከመካከላቸው አንዱ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ በአስተርጓሚ አጽናናት። አሁን ለሁለተኛው ዓይን ቀጠሮ አላት። ጎረቤቶቻችን «በመናፍቃን እጅ መታከም ኃጢአት ነው» ይሏታል። እርሷ ግን ሌላ ሐሳብ ገብቷታል፤ «ስንት ዘመን ጸበል ተጠምቄ ያልበራልኝ ዓይን በእነርሱ ጸሎት በራ፤ እውነቱ እነርሱ ዘንድ ይሆን?» ትለኛለች። ትሂድ ወይስ ትቅር?

መልስ፦ እኅቴ፣ እናትሽ ይሂዱ። ቀጠሮው እንዳያልፋቸው። እግዚአብሔር ሁለተኛውንም ያብራላቸው።

ስለ ጎረቤቶቻችሁ ቃል ብዙ አልናገርም። በኢያሪኮ መንገድ ወንበዴዎች ደብድበው የጣሉትን ሰው ቁስሉን በዘይትና በወይን ያከመለት፣ አይሁድ በሃይማኖት የሚለዩት ሳምራዊ ነበር (ሉቃ. 10)። ይህን ሳምራዊ በምሕረቱ ምሳሌ አድርጎ ያቀረበልን ጌታ፣ ለሳምራዊቷ ሴት ደግሞ «እናንተስ ለማታውቁት ትሰግዳላችሁ» ብሏታል (ዮሐ. 4፥22)። ሁለቱንም የተናገረው አንዱ ጌታ ነው። ምሕረታቸውን አመሰገነ፤ አምልኳቸውን ግን አላጸደቀም። ጎረቤቶቻችሁ ሁለተኛውን ቃል ይዘው የመጀመሪያውን ጥለዋል። እናትሽ ደግሞ የመጀመሪያውን ይዘው ሁለተኛውን ሊጥሉ ተቃርበዋል።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የእናትሽ ሐሳብ ነው፤ በአገልግሎቴ ደጋግሞ የገጠመኝ ነውና። አንዱ «ጸበል ገብቼ አልዳንሁም» ብሎ ቤተ ክርስቲያኑን ይተዋል። ሌላው «እዚያ ሄጄ ድኛለሁ፤ እንግዲህ ቤቴ እዚያ ነው» ይላል። ከጸበል የዳነው ወገናችንም አንዳንድ ጊዜ ያልዳነውን ጎረቤቱን «እምነት ጎድሎህ ነው» ብሎ ይፈርድበታል። ሦስቱም ፈውስን የሃይማኖት መመዘኛ አድርገውታል።

እስኪ ነገሩን ከሥሩ እንየው። የዓይን ሞራ የሚባለው በዓይን ውስጥ ያለው ጥርት ያለ ሌንስ ሲደፈርስና ብርሃን አላሳልፍ ሲል ነው። ሐኪሙ የደፈረሰውን አውጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስቀምጣል። ብዙ ጊዜ ሕመምተኛው እንደነቃ፣ ዓይኑ ብቻ ደንዝዞ የሚሠራ ሥራ ነው። ያን ዕለት ከእናትሽ ጋር ተራ ይጠብቁ የነበሩትን አስታውሺ። ደሴ ናትና ብዙዎቹ ሙስሊም ወገኖቻችን እንደነበሩ አልጠራጠርም። የእነርሱም ዓይን በርቷል። እዚሁ ቅርባችን ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም የአገራችን ሐኪሞች ሞራ ያወጣሉ፤ የሐኪሙን ደብር የጠየቀ የለም። እግዚአብሔር ፀሐዩን በክፉዎችና በበጎዎች ላይ እንደሚያወጣ ሁሉ (ማቴ. 5፥45) ጥበብንም ለሁሉ ሰጥቷል።

ይህን ስል የሐኪሞቹን ጸሎት ማቃለሌ አይደለም። እግዚአብሔር የማንን ልመና እንደሰማ መወሰን የእኔ ድርሻ አይደለም። ነገር ግን እናትሽ በጸበሉ ሥር ስንት ዘመን ያፈሰሱት ዕንባ ለምን እንደባከነ ይቆጠራል? ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ይነግረናል። በጸበሉ ቦታ የተለመነው አምላክ መልሱን በሐኪም እጅ ቢልክ ማን ይከለክለዋል?

ቦሩ ሜዳን ካነሣሁ አይቀር ልጨምር። በዚያ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ፊት የሃይማኖት ጉባኤ ተደርጓል። ሊቃውንቱ ስለ ምሥጢረ ሥጋዌ፣ አምላክ ሰው ስለ መሆኑ፣ መጻሕፍት ጠቅሰው ተከራከሩ። ሃይማኖት የሚመረመረው እንዲህ በመጻሕፍትና በአባቶች ትምህርት ነው። ከዚያ በኋላ በወሎ ሙስሊሞች ላይ የመጣው የግዳጅ ጥምቀት ግን ልብን የሚያሳዝን ነው። በፍርሃት የተያዘ ሃይማኖት ልብ ውስጥ አይገባም፤ በስጦታ የተገዛም እንዲሁ። በዚያው በቦሩ ሜዳ በኋለኛው ዘመን ሚሲዮናውያን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቁመው፣ ዘመድ የሸሸውን ሰው ቁስል አጥበዋል። እኛ በትምህርት ከእነርሱ እንለያለን። ይህን ሥራቸውን ማመስገን ቢከብደን ግን ጉድለቱ የእኛ ነው።

ኤልሳዕ ንዕማንን ከለምጹ ካነጻ በኋላ ገጸ በረከቱን አልቀበልም አለ። ሎሌው ግያዝ ግን ሮጦ ተከትሎ ብርና ልብስ ተቀበለ፤ የንዕማን ለምጽም በእርሱ ላይ ተጣበቀ (2ኛ ነገ. 5)። ከፈወሰ በኋላ የሕሙሙን ሃይማኖት በዋጋ የሚጠይቅ ሁሉ፣ ከየትም ይምጣ፣ የግያዝን መንገድ ይዟል። የኤልሳዕን መንገድ የጠበቁ ግን ብዙዎች አሉ። ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ከባለቤታቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አገራችን መጥተው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ፤ በ2020 እስኪያርፉም ድረስ እዚሁ ኖሩ። ለዚህ ያነሣሣቸው ክርስትናቸው ነበር። በፊስቱላ፣ ማለትም በተራዘመ ምጥ በሚመጣ ሽንት በማያስቋጥር ጉዳት፣ ምክንያት ከቤቷ የተገፋች ሴት፣ ኦርቶዶክስም ትሁን ሙስሊም፣ ያለ ክፍያ ታክማ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ወደ አገሯ ትመለስ ነበር። መርሲ ሺፕስ የተባለውም ድርጅት በመርከብ ላይ ሆስፒታል አቋቁሞ በአፍሪካ ወደቦች እየቆመ ሃይማኖት ሳይለይ በነጻ ቀዶ ሕክምና ያደርጋል።

ከጻፍሽልኝ እንደተረዳሁት እናትሽም ዋጋ አልተጠየቁም። እጃቸውን ይዞ የጸለየላቸው ሰው በጎ አስቦላቸዋል፤ እጃቸውን መንጠቅ አያስፈልግም። እርሳቸው በልባቸው አቡነ ዘበሰማያት ይድገሙ። ከዚያ አልፎ «ወደ እኛ ይምጡ» የሚል ቢኖር «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የንስሐ አባት አለኝ» ይበሉ፤ ይበቃል። ምስጋና ይገባቸዋል፤ ሃይማኖት ግን የምስጋና መክፈያ አይሆንም። እናትሽ እውነቱ የት እንደሆነ በእርግጥ መመርመር ከፈለጉም መብታቸው ነው፤ ከንስሐ አባታቸው ጋር ተቀምጠው ይጠይቁ፣ ይማሩ እንጂ ለውለታ ሲሉ አይወስኑ።

ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሲገቡ ነርሷ ማዕተባቸውን እንዲያወልቁ ብትጠይቃቸው አይደንግጡ። የሚጠየቀው ለንጽሕናና ለጥንቃቄ ነው። አንቺ ተቀብለሽ ያዢላቸው፤ ሲወጡ በአንገታቸው እሰሪላቸው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጸበሉን ይጠጡ፤ ፊታቸውን ግን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ውኃ አይንካው። ጎንበስ ብሎ መስገዱም እስከዚያው ይቆይ፤ ቆመው ይጸልዩ። የዓይን ጠብታውን በሰዓቱ አንቺ አድርጊላቸው። ጸበል ቦታ «መድኃኒቱን ጣሉና ተጠመቁ» የሚል ሰው ቢያገኛቸው እንዳይሰሙት፤ ከበረታባቸውም የንስሐ አባታችሁ ሄደው ያነጋግሩት።