የጭቃ ቤት ቅርስ ነው ወይ ላላችሁኝ

የተወደዳችሁ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች፣

ከእናንተ አንዷ «ጋሼ፣ የጭቃ ቤት እንዴት ቅርስ ይባላል?» ብላ ጠይቃኝ ነበር፤ ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ስለ ቀሰቀሰብኝ ይህን ጻፍሁ።

አዲስ አበባ መልኳን ያገኘችው ከተሠራችበት ዕቃ ነው። በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለቤትና ለማገዶ እየተቆረጠ ሲመናመን፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ፈጥኖና ቀጥ ብሎ ስለሚያድግ ቋሚውም ማገሩም ከእርሱ ሆነ። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. ሲደርስ ቆርቆሮ በብዛት ይገባ ጀመር፤ የሣር ክዳኑም እየቀረ ሄደ። የህንድና የአርመን ባለሙያዎች እጅ ያረፈባቸው ባለበረንዳ ቤቶችም ለከተማዋ የራሷን ገጽታ ሰጧት። ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነውን የራስ ብሩን ቤት ያየ የምለውን ይረዳል።

በወጣትነቴ የሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ደጃች ውቤ ሰፈር ያለ፣ የበረንዳው እንጨት በጌጥ የተፈለፈለ አሮጌ የጭቃ ቤት ሊያድስ ተነሣ። ጭቃውን የሚያቦኩት አዛውንት ጭዱን ከአፈሩ ጋር በእግራቸው እየረገጡ ካዋሐዱት በኋላ ለቀናት ይተዉታል፤ ሽታው ሲለወጥና እጅ ላይ ሲሳብ ብቻ «አሁን ደርሷል» ይላሉ። ኃላፊዎቹ ግን ግድግዳው በሲሚንቶ እንዲለሰን ወሰኑ። አዛውንቱ «እንጨቱ መተንፈሻ ያጣል» አሉ፤ እኔም ደግፌ ተናገርሁ፣ የሰማን አልነበረም። የመጀመሪያው ክረምት በሰላም አለፈ። በኋላ ግን በስንጥቁ የገባው እርጥበት መውጫ አጥቶ ልስኑ አበጠ፣ ከነምርጊቱ እየተገነጠለ ወደቀ፣ የቋሚዎቹም እግር ከድንጋዩ መሠረት በላይ በስብሶ ተገኘ። ያኔ ቤቱ «ለአደጋ የተጋለጠ» ተብሎ ፈረሰ። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ከቤቱ ይልቅ የአዛውንቱ ዕውቀት ነው፤ የትኛው አፈር ምን ያህል ጭድ እንደሚፈልግ ከአፋቸው የጻፈ ሰው የለም።

የጭቃ ቤት ምቹ ነበር እያልሁ አይደለም። ተወልጄ ያደግሁበት ስለሆነ ቁንጫውንና የክረምቱን ቅዝቃዜ አውቀዋለሁ፤ ቤተሰቦች የተሻለ ቤት ሲያገኙ ከልቤ ደስ ይለኛል። ነገር ግን በመስታወትና በአሉሚኒየም የተለበጠ ሕንፃ የትም ከተማ ሊቆም ይችላል፤ የከሰዓት ፀሐይ ሲያርፍበት ውስጡ የሚሠራውን ሰው ያግለዋል፣ ለመንገደኛውም ከዝናብ መጠለያ የሚሆን ክፈፍ የለውም። የዛሬ ወጣቶች በኮምፒውተር ያማረ ሥዕል ታወጣላችሁ፣ በዚህም እኛን ትበልጡናላችሁ፤ አፈር መንካት ግን ትጠየፋላችሁ።

ስለዚህ ለጠያቂዋ መልሴ አዎን፣ ቅርስ ነው የሚል ነው። ክረምቱ ሳይገባ ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ከቀሩት አሮጌ ቤቶች ወደ አንዱ ሂዱና ግድግዳውን መጨረሻ የመረገው ማን እንደ ሆነ ባለቤቶቹን ጠይቁ። ሰውዬው በሕይወት ካሉ ደብተር ይዛችሁ ቤታቸው ድረስ ሂዱ፤ አፈሩን ከየት እንደሚያመጡና መድረሱን በምን እንደሚያውቁ ሳትጽፉ አትመለሱ።