መልስ፦ አስፋልቱን ፍቀው ለምን ትተውት ሄዱ?

ወንድሜ፣ እዚህ አዲስ አበባ የሰፈራችሁን አስፋልት ፍቀው ለምን ጥለውት ሄዱ ላልከው፣ መፋቁ ራሱ የስራው ግማሽ ነው። የተሰነጠቀው የላይኛው ንጣፍ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 5 ሳንቲም በማሽን ይነሳል፣ ምክንያቱም ዝም ብለው ቢደርቡበት ስንጥቁ ተመልሶ ይወጣል፣ መንገዱም ከፍ ይልና የዝናቡ ውሃ ወደ ግቢያችሁ ይገባል። ከዛ ተጠርጎ ሬንጅ ይረጫል (ልጆች እንዳይረግጡት፣ ከጫማ አይለቅም)፣ ቀጥሎ 150 ዲግሪ አካባቢ የሞቀ አስፋልት ይነጠፍና ሳይበርድ በሮለር ይዳመጣል። እርጥብ ላይ ደህና አይያዝም፣ ስለዚህ ክረምት ከደረሰ እስከ መስከረም ሊጎትት ይችላል።

የሚነጠፍበትን ቀን ጠይቅና መኪናህን በዋዜማው አውጣ፣ ከዳመጡት በኋላ እስኪበርድ ጥቂት ሰዓት ነው።

ከሁሉም በላይ ግን የውሃ መስመር ማስገባት የሚፈልግ ጎረቤት ካለ አሁኑኑ ያስገባ! አዲስ አስፋልት ተቆርጦ ሲጠገን እንደ በፊቱ አይሆንም፣ በመገጣጠሚያው ውሃ ይሰርግና እዛው ጉድጓድ ይጀምራል፣ ይሄ ሁሌ ያንገበግበኛል። የማንሆል ክዳኖቹም ከአዲሱ ንጣፍ እኩል ካልሆኑ ሮለሩ ሳይሄድ ለፎርማኑ ንገሩት፣ ከሄዱ በኋላ መልሶ ማምጣት ከባድ ነው።