መመዝገቡ በአንድ ንክኪ፣ መውጣቱ ለምን በስንት ልፋት?

ወንድሜ፣ «በክፍያ ለሚሠራ አፕ ለመመዝገብ አንድ ንክኪ ይበቃል፣ ለማቋረጥ ግን ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ፕሮግራመሮቹ አይችሉም እንዴ?» ብለህ ጠይቀሃል። በደንብ ይችላሉ! ጉዳዩ የችሎታ ሳይሆን የገቢ ነው።

እኔም ባለፈው ወር የአንድ አፕ ክፍያ ላቋርጥ ገባሁ። «ልቆይ» የሚለው ቁልፍ ትልቅና ደማቅ ሰማያዊ ነው። «አቋርጥ» የሚለው ከታች፣ በደቃቅ ግራጫ ፊደል። ስነካው ቅናሽ አቀረበልኝ። ቀጥሎ ምክንያቴን ጠየቀኝ። ከዚያ ደግሞ «እርግጠኛ ነህ?» አራት ገጽ ሙሉ! ይህ በስህተት የመጣ አይደለም። ሠራተኛው የሚመዘነው ስንት ደንበኛ አስቀረ በሚለው ቁጥር ከሆነ፣ መውጫውን እያጠበበ ይሄዳል። ለዚህ ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም።

የአማዞን ፕራይምን፣ ማለትም የኦንላይን መደብሩን የአማዞንን የክፍያ አባልነት፣ ጉዳይ እይ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ኩባንያውን ከሰሰው። ክሱ ሰዎችን ሳይፈቅዱ ያስመዘግባል፣ ማቋረጡንም ሆን ብሎ ያወሳስባል የሚል ነበር። በ2025 ኩባንያው ጥፋቱን ሳያምን 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከዚህ ውስጥ 1.5 ቢሊዮኑ ለደንበኞች የሚመለስ ነው። ማወሳሰብ እንዲህ ኪሳራ ሲያመጣ ነው የተደበቀው ቁልፍ የሚወጣው።

የገቢ ምንጩ ሲለይ አሠራሩም ይለያል። ሲግናል የተባለው የመልእክት መለዋወጫ አፕ በልገሳ ይተዳደራል፣ ማስታወቂያም አይሸጥም። ስለዚህ ስለ አንተ ብዙ መረጃ የሚያከማችበት ምክንያት የለውም።

ለጊዜው ግን፣ የከፈልከው በአፕ ስቶር ወይም በፕሌይ ስቶር ከሆነ፣ እዚያው «ሰብስክሪፕሽን» የሚለውን ክፈት። አፑን ሳትለማመጥ ታቋርጠዋለህ።