አንድ ስም፣ ሁለት ፈንክሽን፦ ስዊግ የትኛውን ይጠራል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጆች። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ላይብረሪ ከፓይተን መጥራት ፈልጌ ማገናኛ ኮዱን ስዊግ በሚባለው ኮድ አውጪ መሣሪያ አስወጣሁ። ላይብረሪው ውስጥ «ሎድ» የሚባሉ ሁለት ፈንክሽኖች አሉ። አንዱ ኮንስት ቻር ፖይንተር (የቆየውን የሲ የጽሑፍ ዓይነት) ይቀበልና የፋይል ስም ነው ብሎ ፋይሉን ይከፍታል። ሌላው ኤስቲዲ ስትሪንግ (የሲ ፕላስ ፕላስን የጽሑፍ ዓይነት) ይቀበልና የተሰጠውን ጽሑፍ ራሱን ያነባል። በሲ ፕላስ ፕላስ ሁለቱም በደንብ ይሠራሉ። ከፓይተን ግን የፋይል ስም ስሰጠው «ይዘቱ የተበላሸ ነው» ይለኛል። ፋይሉ ደህና ነው፣ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ኮዱን ሳስወጣ ማስጠንቀቂያ 509 የሚል ነገር ታይቶኝ ነበር፤ ኮዱ ስለወጣ ግን አልፌው ሄድኩ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፋይልህ ምንም አልሆነም። ችግሩን አስቀድሞ የነገረህ ያ ያለፍከው ማስጠንቀቂያ ነው። 509 ማለት «ከእነዚህ ሁለት አንዱ ሌላውን ጋርዶታል፣ የተጋረደው አይጠራም» ማለት ነው። አንተ ጋ የተጋረደው ፋይል የሚከፍተው ነው። የፋይሉን ስም ስትሰጥ ጽሑፍ አንባቢው ሎድ ይቀበልህና ስሙን ራሱን እንደ ይዘት ሊያነበው ይሞክራል። «ተበላሽቷል» ያለህ ፋይሉን ሳይሆን የፋይሉን ስም ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? እስቲ «አለ» የሚለውን ቃል ጻፈው። ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ» ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ነው። ሰው ሲናገረው ጆሮህ ወዲያው ይለየዋል። ፊደላችን ግን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም፤ ወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ሲ ፕላስ ፕላስ እንደ ንግግሩ ነው። ኮምፓይለሩ እያንዳንዱን ዓይነት ለይቶ ይሰማል፣ በጥቅስ ውስጥ የተጻፈ ቃል ሲያገኝም ኮንስት ቻር ፖይንተር ወደሚቀበለው ሎድ ይልከዋል፤ ወደ ኤስቲዲ ስትሪንግ ለመውሰድ አዲስ ኦብጀክት መፍጠር ስለሚጠበቅበት ቀረብ ያለውን ይመርጣል። ፓይተን ደግሞ እንደ ወረቀቱ ነው። ለእሱ ሁለቱም ስትር፣ ማለትም አንድ የጽሑፍ ዓይነት ናቸው፣ ልዩነታቸው ድንበሩ ላይ ይቀራል። የአስርዮሽ ቁጥር ዓይነቶቹ ፍሎትና ደብልም እንደዚያው ናቸው፤ ፓይተን ያለው አንድ ፍሎት ብቻ ነው። ኢንትና ሎንግም አንድ ኢንት ይሆናሉ።

«አለ» የሚለውን ስናነብ የሚያድነን ዓረፍተ ነገሩ ነው። ስዊግ ይህ የለውም። እሱ ያለው ተራ ነው። ስማቸው አንድ የሆኑትን ፈንክሽኖች ሰብስቦ መጀመሪያ የግድ በሚያስፈልጋቸው አርጉመንት (ሲጠሩ በሚሰጣቸው ዋጋ) ብዛት ያሰልፋቸዋል፣ ብዛታቸው እኩል የሆኑትን ደግሞ ለየዓይነቱ በተሰጠ የቅድሚያ ቁጥር። ቁጥሩ ያነሰ ቀድሞ ይሞከራል። ኤስቲዲ ስትሪንግ 135 ነው፣ ቻር ፖይንተር 140። ፕሮግራሙ ሲሠራ ከላይ ጀምሮ «ይህን ትቀበላለህ?» እያለ ይወርዳል፣ መጀመሪያ «አዎ» ያለው ይጠራል። ኤስቲዲ ስትሪንግ የሚቀበለው ለማንኛውም ስትር «አዎ» ስለሚል ቻር ፖይንተሩ ተራው አይደርሰውም። ስለዚህ ፈንክሽኖቹ በተዘረዘሩበት ሄደር ፋይል ውስጥ ቅደም ተከተላቸውን ብትቀያይር ምንም አይለወጥም። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው፣ ጊዜህን አታባክን።

ሁሉም ኦቨርሎድ (አንድ ስም ለብዙ ፈንክሽን መስጠት) እንዲህ ያስቸግራል ማለት አይደለም። የአርጉመንታቸው ብዛት ከተለያየ፣ ወይም አንዱ ቁጥር ሌላው ስትር ከተቀበለ፣ ስዊግ ያለ ችግር ይለያቸዋል።

አሁን ወደ መፍትሔው። ሪኔም የሚባለውን ትእዛዝ ተጠቀምና ለሁለቱም የየራሳቸውን ስም ስጣቸው፤ ቻር ፖይንተር የሚቀበለውን ሎድ_ፋይል፣ ኤስቲዲ ስትሪንግ የሚቀበለውን ሎድ_ቴክስት በለው። የተጋረደውን ብቻ ቀይረህ ሌላውን «ሎድ» ብለህ አትተወው፤ ነገ ኮድህን የሚያነብ ሰው ሎድ ሲል ፋይል ይመስለዋል። ከሁለቱ አንዱን ጨርሶ የማትፈልገው ከሆነ ደግሞ ኢግኖር በሚለው ትእዛዝ አስወጣው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛ፣ ሪኔሙ ሄደር ፋይሉን ከምታስገባበት መስመር በፊት መምጣት አለበት፤ ከኋላ ከመጣ ዋጋ የለውም። ሁለተኛው የበለጠ ያናድዳል፦ የምትጽፈው ፊርማ ከዋናው ጋር በትክክል መግጠም አለበት። የፈንክሽኑ ስም፣ የአርጉመንቶቹ ዓይነት፣ መጨረሻው ላይ ኮንስት ካለ ኮንስቱ፣ ሁሉም መጻፍ አለበት። አንዷ ብትጎድል ስዊግ አይጮህም፣ ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ አንተ ቀይሬዋለሁ ብለህ ስሙ ግን እንደነበረ ነው። ስለዚህ ኮዱን ካስወጣህ በኋላ የፓይተኑን ፋይል ክፈትና አዲሶቹ ስሞች መኖራቸውን በዓይንህ እይ።

ማስጠንቀቂያ 509ን አታጥፋው። ማጥፊያ አለው፣ ኢንተርኔት ላይም «ይህን ጻፍና ዝም በል» የሚል ምክር ታገኛለህ። አደራህን፣ አትስማው። ይልቅ ማስጠንቀቂያን እንደ ስሕተት የሚቆጥረውን ደብልዩ ኤረር የሚባለውን አማራጭ አብራ፤ አንድ ፈንክሽን ሲጋረድ ሥራው እዚያው ይቁም። ስሕተት ብሎ ከሚያቆምህ ይልቅ የተሳሳተውን ፈንክሽን ዝም ብሎ የሚጠራው ብዙ ሌሊት ያስመሽሃል።

ስሙን ለምን ራሱ መሣሪያው እንዲያወጣ አንተውም የምትል ከሆነ፣ እንዲህ የሚያደርጉ አሉ። የማይክሮሶፍቱ የፕሮግራም ማገናኛ ሥርዓት ኮም ኦቨርሎድ ስለማያውቅ፣ የዶት ኔት ላይብረሪን ወደ ኮም የሚያወጣው ትልብ-ኤክስፕ ስሞቹን ሎድ፣ ሎድ_2፣ ሎድ_3 ያደርጋቸዋል። ሎድ_2 ምን እንደሚሠራ ከስሙ ማን ያውቃል? ብራውዘርን ከረስት ቋንቋ ለመጥራት የሚያገለግለው ላይብረሪ ዌብ-ሲስ ከዚህ ይሻላል። ብራውዘር ላይ ሥዕል የሚስለው ድሮው-ኢሜጅ 3፣ 5 ወይም 9 አርጉመንት ይቀበላል፣ ሥዕሉም ከፎቶ፣ ከቪዲዮ ወይም ከሌላ ካንቫስ ሊመጣ ይችላል። ዌብ-ሲስ ለእያንዳንዱ ከአርጉመንቶቹ ስም ያወጣለታል፦ ድሮው_ኢሜጅ_ዊዝ_ኤችቲኤምኤል_ኢሜጅ_ኤለመንት። ይረዝማል፣ ግን እውነቱን ይናገራል። እኔ ግን ሥራውን የሚናገር ስም እመርጣለሁ። ሎድ_ፋይል የሚለውን ያየ ሰው ስለ ቻር ፖይንተር ምንም ሳያውቅ ይገባዋል።

ጥያቄ፦ ፕሮግራሞች በኔትወርክ በሚጠራሩበት በጂአርፒሲ ሰርቪስ እየሠራሁ ነው። ደንበኛን በመለያ ቁጥርም በስልክም መፈለግ ስለምፈልግ ሰርቪሱ በሚገለጽበት ፕሮቶ ፋይል ላይ «ጌት-ከስተመር» የሚለውን ሁለት ጊዜ በተለያየ ሪኩዌስት ጻፍኩት። ኮምፓይለሩ አስቀድሞ ተጽፏል ብሎ እምቢ አለኝ። ላልፈው የምችልበት መንገድ አለ?

መልስ፦ የለም፣ እህቴ። ጂአርፒሲ ጥሪውን ሲልክ በመንገዱ ላይ የሚጽፈው የሰርቪሱንና የሜተዱን ስም ብቻ ነው። የሪኩዌስቱ ዓይነት እዚያ ውስጥ የለም፤ ሰርቨሩ ሁለቱን በምን ይለያቸው? ሁለት መውጫ አለሽ። አንዱ፣ አንድ ሪኩዌስት አድርገሽ ውስጡ በዋን-ኦፍ (ከተዘረዘሩት አንዱን ብቻ በሚይዘው) ወይ መለያውን ወይ ስልኩን መቀበል ነው። ሌላው፣ ጌት-ከስተመር-ባይ-አይዲ እና ጌት-ከስተመር-ባይ-ፎን ብለሽ መለየት ነው። እኔ ሁለተኛውን ነው የምመክርሽ። በስልክ መፈለግ የተወሰነ ሠራተኛ ብቻ የሚፈቀድለት ሊሆን ይችላል፤ ስሙ ከተለየ ፈቃዱን በሜተድ ስም መለየት ይቀልሻል፣ ሎጉን ስታዪም ማን በምን እንደፈለገ ወዲያው ይታይሻል።