የቻይና ጨርቅ፣ የኢትዮጵያ ሸሚዝ

ጥያቄ፦ ጨርቅ ከቻይና እያስመጣን አዲስ አበባ ላይ የወንዶች ሸሚዝ እንሰፋለን። ጀርመን ያለው ገዥያችን ዕቃው ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ የስሪት አገር መግለጫ ጠየቀን። ጨርቁ የቻይና ሆኖ ሳለ «የኢትዮጵያ ስሪት» ማለት እንችላለን? ተቆርጦ ያለቀ ጨርቅ በርካሽ የሚያቀርብልን ሰውም አግኝተናል።

መልስ፦ በጣቃ የመጣውን ጨርቅ እዚሁ ቆርጣችሁ እዚሁ ከሰፋችሁት ትችላላችሁ። ተቆርጦ የመጣውን ከሰፋችሁ ግን አትችሉም፤ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ልብሱ «ከጨርቅ» መሠራቱን ነው የሚጠይቀው፣ የተቆረጠ እጅጌና ኮሌታ ደግሞ በጉምሩክ ዓይን የልብስ ክፍል እንጂ ጨርቅ አይደለም። ርካሹን ዋጋ እርሱት። ቁልፍ መትከል፣ መተኮስና ማሸግ ብቻውንማ ጭራሽ አይቆጠርም።

ይህም ቢሆን ድሮ ከነበረው የላላ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ኢትዮጵያን ጨምሮ በኢኮኖሚ እጅግ ላላደጉ አገሮች ከጦር መሣሪያ በቀር ሁሉም ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲገባ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። እስከ 2010 መጨረሻ ግን በመርሕ ደረጃ ጨርቁም ከክር እዚያው አገር መሸመን ነበረበት። ሸማኔ ፋብሪካ ለሌለው አገር ነገሩ የወረቀት ዕድል ነበር። ከ2011 ወዲህ ቆርጦ መስፋት ይበቃል።

ገዥያችሁ አጥብቆ የሚጠይቀው በምክንያት ነው። የሸሚዙ መደበኛ ቀረጥ 12 በመቶ ነው፤ የጉምሩክ ዋጋው 40,000 ዩሮ ቢሆን 4,800 ዩሮ ከኪሱ ይወጣል።

መግለጫው በኢንቮይሱ ላይ ይጻፋል፣ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ ወይም በስፓኒሽ (በአማርኛ አይቀበሉም)። ጭነቱ ከ6,000 ዩሮ በላይ ከሆነ «ሬክስ» በሚባለው የላኪዎች መዝገብ ተመዝግባችሁ ቁጥራችሁን ማስፈር ግድ ነው፤ ከዚያ በታች ከሆነ ግን ቁጥር አያስፈልግም። የስሪት መለያው «ደብልዩ» የሚለው የላቲን ፊደል ሲሆን አጠገቡ የዕቃው ባለ አራት አሃዝ የታሪፍ ቁጥር ይከተላል፤ ከተሸመነ ጨርቅ ለተሰፋ የወንዶች ሸሚዝ 6205 ነው። መግለጫው የሚያገለግለው 12 ወር ነው።

ብዙ ላኪ የሚወድቀው ዕቃው ከገባ በኋላ ማጣራት ሲመጣ ነው። አንድ ሸሚዝ ብክነቱን ጨምሮ 1.6 ሜትር የሚፈጅባችሁ ከሆነ ለ10,000 ሸሚዝ 16,000 ሜትር ጨርቅ የገባበት ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ሰነድ) ሊኖራችሁ ይገባል። ሰነዱ 9,000 ሜትር ብቻ ካሳየ የቀረው ሸሚዝ ከየት መጣ? የጨርቁን ኢንቮይስና የመቁረጫ ክፍሉን መዝገብ ቢያንስ 3 ዓመት አኑሩ። መልስ ካጣችሁ ቀረጡን የሚጠየቀው ገዥው ነው፤ ደንበኛችሁንም እዚያው ታጣላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ዕድል ሁለት ወገን የተፈራረሙት ውል ሳይሆን ሰጪው በራሱ ሕግ የፈቀደው ነው። የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲገባ የሚፈቅደው የአሜሪካው አጎዋም እንደዚሁ ነበር፤ ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ እንድትወጣ ሲደረግ ትእዛዝ ተቀብለው የነበሩ ፋብሪካዎች መሀል መንገድ ላይ ቀሩ። ስለዚህ ከጀርመኑ ገዥ ጋር በምትፈራረሙት ውል፣ ነፃነቱ ቢነሣ 12 በመቶውን ማን እንደሚሸከም በአንድ አንቀጽ አስቀምጡ።